መምህሩ አልከዳም

አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፈዲሉ ዓብዱልመጂድ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔና እማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ሲገባ የእማ ጉልበት ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። እንዲያውም ትናንት ሁሉቃ ወንዝን ተሻግራ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ «ማን ደከመው?» እያለች ነበር። ስለ እሷ እንዳትሰጋ።

ካሴቱ ደርሷል። ኤጄታ አውቶብሱን ይዞ ከአዲስ አበባ እንደገባ ተሳፋሪውን እንኳ ሳያወርድ በፎጣ እንደተጠቀለለ አስረክቦኛል። ማጫወቻ ዴኩንም እንዳሳየኸኝ በየሳምንቱ በአልኮል አጸዳዋለሁ፤ ምስሉ አይቆራረጥም።

«ወሰኑ ትረካውን እንዴት ይዞታል?» ላልከው ግን መልሴ ከይቅርታ ይጀምራል። ወሰኑ መምህርነት ተመድቦ ወደ ጌዶ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው። አንተ የአባባን መጋዘን ቪዲዮ ቤት አድርገህ ለሬዲዮ ጥገናው ሥራ ድሬዳዋ ስትሄድ፣ ትረካውን ለወሰኑ፣ በሩን ለእኔ ሰጥተህ ነበር። ተራኪው ሲሄድ በረኛዋ ምን ታድርግ? ፊልሙ ቻይንኛ ነው፤ ከሥሩም ጽሑፍ የለውም። ያለ ተራኪ ከታየ ሰው ሲማታ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ማይክራፎኑን ያዝኩ። ያልነገርኩህ «ዝጊው» እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «ሴት ልጅ ስለ ካራቴ ምን ታውቃለች?» ያለም ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚዎቹ ሞልተው የተረፈው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከተሜው ሲበዛ በአማርኛ፣ ከገበያ የመጣው ሲበዛ በኦሮምኛ፣ ሲደባለቁ ደግሞ እኔም ደባልቄ ነው የምተርከው።

እንደዚህ ያለ ፊልም ደግሞ ልከህ አታውቅም! ሦስት ሰዓት ሙሉ! ያ ሽማግሌ መምህር የትምህርት ቤቱን በር ሲጠብቅ ተገደለ። ተማሪው ገዳዮቹን ሲያሳድድ ከገደል ላይ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። አለቀ ስንል ልጁ ጀልባ ላይ ሆኖ ዓሣ ሲያጠምድ ብቅ አለ! ውኃው ተፍቶታል፤ ማን እንደነበረ ግን ረስቷል። ከሐሮ ወንጪ ለገበያ የሚመጡት ጀልባ ቀዛፊው ኦቦ ነጋሳ ብድግ ብለው «ሐይቁ የኛው ነው! አውቀዋለሁ!» አሉ። ከዚያማ መምህሩ ራሱ ሳይሞት ኖሯል። የሞተ መስሎ ከጠላት ጋር ሲዶልት ከርሞ የገዛ ተማሪውን ከጀርባው ወጋው። ስንት ጎልማሳ እንዳለቀሰ ብታይ! ካሴቱ ላይ የፊልሙ ስም ስለሌለ ከተማው «የሐይቁ ልጅ» ብሎ ሰይሞታል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። መምህሩ ምን ጎድሎበት ከዳ? ካሴቱን የሚቀዳልህን ሰው ጠይቅልኝ። ሰዉ በየመንገዱ እያስቆመ ይጠይቀኛል፤ እኔም «ጠብቁ» እያልኩ ነው።

እህትህ ሸምሲያ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸምሲያ

ወዐለይኩም ሰላም። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እየተናደድኩ፣ አንዴ እየሳቅኩ። የላክሽልኝ በሶ ደርሶኛል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተሻምቶ በልቶልኛል።

ማይክራፎኑን እንዴት ያዝሽ አልልሽም። ቤቱ ክፍት መሆኑ ደግ ነው። እኔ ተራኪ እስካገኝ ድረስ ቦታውን ጠብቂልኝ። ካልተገኘም ለጥር ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ትረካውን እኔው እረከብሻለሁ። እስከዚያ አትጩኺ፤ ዝግ ብለሽ ተርኪ። ሰው ሲወድቅ አብረሽ እንደምትወድቂ ኤጄታ ነግሮኛል። አያስፈልግም።

የመምህሩን ነገር እጠይቅልሻለሁ። እኔ ያንን ካሴት አላየሁትም፤ ገና ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ ነው የላክሁት። ቀጂው ሐረር ሄዷል፤ ሲመለስ እይዘዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኤጄታ ሰላምታውን ሲልክልኝ መጨረሻ ላይ «ለሸምሲያም እግዜር ይሁናት» ብሏል። ምን ሆነሽ ነው እግዜር የሚሆንልሽ? ማነው የነካሽ? እማስ ሰምታለች? ደብዳቤሽ ላይ ሁሉ ነገር አምሮና ደምቆ ነው ያለው። እኔ ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ደብዳቤሽ ሲያምር ነው የምሰጋው። የከፋ ነገር ካለ ወሰኑን ከጌዶ ጥሪው። ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ፈዲሉ


አምቦ፣ ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈዲሉ

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለደበቅሁህ ይቅር በለኝ። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ከባህል ኮሚቴው የመጣው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። በፊቱ ገልብጬ አስቀምጬው ነው የጻፍኩልህ።

ራስጌው ላይ «ሀገረ ሕይወት» ይላል። አምቦን በዚያ ስሟ ሲጠሯት ነገሩ ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ። «የሐይቁ ልጅ የተባለው ፊልም ወጣቱ በመምህሩ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል የሚል አቤቱታ ስለቀረበ፣ እሑድ ኅዳር 25 ቀን የባህል ኮሚቴው ተገኝቶ ይመለከተዋል» ይላል። ኮሚቴው ከፈቀደ የጠየቅነው ፈቃድ በወረቀት ይሰጠናል። ካልፈቀደ በሩ ይታሸጋል፤ የቪዲዮ ቤቱም ነገር ያበቃለታል።

«ማነው የነካሽ?» ላልከው፣ ጋሽ ባይሳ ናቸው። አዎ፣ የኛው ጋሽ ባይሳ፤ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩን፣ ጠመኔ ሲወረውሩ የማይስቱት። ስለ ካራቴው አንድ ቃል አልተናገሩም። የከሰሱት በመምህሩ ነው። አንድ ቀን ተማሪ ወደ ሰሌዳው ቢጠሩ፣ ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በጎኑ እየተንሸራተተ መጣ። «ምን ሆነሃል?» ቢሉት «ለመምህር ጀርባ አይሰጥም» አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ተማሪው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው እኮ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር። አሁን ግን እሳቸው በሚያልፉበት መንገድ አልሄድም።

እማ ከእኔ በፊት ነው የሰማችው። «ባይሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንቺ ምን አልሽው?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ወሰኑን ግን አልጠራም። እውነቱን ልንገርህ ፈዲሉ። ማትሪክ ወድቄ ሁለት ዓመት በር ላይ ስቀመጥ «ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ማይክራፎኑን ከያዝኩ ወዲህ ቤት ሙሉ ሰው አፍ አፌን ያያል። ኦቦ ነጋሳ ከሐሮ ወንጪ ድረስ የሚመጡት እኔን ለመስማት ነው፤ ራሳቸው ነግረውኛል። በሩ ከታሸገ እኔም አብሬ መታሸጌ ነው። ስለዚህ ያን ቀን የምቆመው እኔ ነኝ።

አንተ ብቻ ቀጂውን ቶሎ ያዝልኝ። መምህሩ ለምን ከዳ? ተገዶ ከሆነ፣ የወለደውን ልጅ ይዘውበት ከሆነ፣ ምክንያት ካለው ለጋሽ ባይሳ አስረዳቸዋለሁ። ያለ ምክንያት የሚከዳ መምህር ይዤ ኮሚቴ ፊት መቆም አልችልም።

እህትህ ሸምሲያ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸምሲያ

ተቀመጪ። ቆመሽ እንዳታነቢው።

ቀጂው ተመልሷል። ሱቁ ሄጄ «መምህሩ ለምን ከዳ?» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። «የቱ መምህር?» አለ። «ያ በር ላይ የሞተ መስሎ በኋላ ተማሪውን የወጋው» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና ወንበሩን ይዞ መሳቅ ጀመረ። ሲበቃው ካሴቱን አምጥቶ አሳየኝ።

ሸምሲያ፣ መምህሩ አልከዳም። ሞቷል፤ ሞቶ ቀርቷል። ልጁም ገደል ገብቶ ሞቷል፤ ፊልሙም እዚያው ላይ አልቋል። ከጀልባው ጀምሮ ያለው ሌላ ፊልም ነው! ሰውየው ሁለቱን ፊልም በአንድ የሦስት ሰዓት ካሴት ለማብቃቃት ብሎ የሁለቱንም ስም፣ የተዋንያኑን ዝርዝር፣ የመጀመሪያውን መጨረሻ፣ የሁለተኛውን መጀመሪያ ቆርጦ ጥሎ ነው የገጠማቸው። ተዋንያኑ ደግሞ እነዚያው ናቸው። በመጀመሪያው መምህር የነበረው ሽማግሌ በሁለተኛው የወንበዴ አለቃ ነው። የሚወጋውም ልጅ ከፊተኛው ልጅ ጋር በዝምድናም በትውውቅም አይገናኝ።

ግን እንዴት አላወቅሽም? በአንድ ጊዜ ልብሱ ሁሉ ሲለወጥ ምን አልሽ? ጠጉሩ ሲያጥርስ? መቼም ለዚህም የሆነ ነገር ብለሻል። ወይ አንቺ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ያልሠራውን ፊልም ተርከሽ ከተማ አስለቀስሽ!

ከሳቄ ስመለስ ግን ኮሚቴው ትዝ አለኝ። እንግዲህ ምክሬን ስሚ። ዝም አይነቅዝም። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት ታሪክ የለም ከተባለ ነገ በአምቦ ማን ያምንሻል? ከሥሩ ጽሑፍ ያለው፣ መምህር የሚባል ያልደረሰበት ሌላ ካሴት በኤጄታ እልክልሻለሁ። «ያኛው ካሴት ተበላሸ» በይና ለኮሚቴው ይህንን አሳዪ። ለወሰኑም እጽፋለሁ፤ ለአንድ ቀን ይምጣና እሱ ይተርከው። አንቺ በር ላይ ሁኚ። ነገሩ ሲረሳ እኔ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ፈዲሉ


ቴሌግራም
ከአምቦ፣ ኅዳር 19 ቀን 1981

ካሴት አትላክ። ወሰኑን አትጥራ። ያንኑ አሳያለሁ። ዱዓ አድርግ። ሸምሲያ።


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸምሲያ

ቴሌግራምሽ ደርሶኛል። ዘጠኝ ቃል ነው፤ ምክንያት የሚሆን አንድ ቃል የለበትም።

ይህ ደብዳቤ ከእሑድ በፊት እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ሸምሲያ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዴ ሰው ፊት «ተሳስቼ ነበር» ካልሽ የምትመልሺበት መንገድ የለም። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ግንባርሽን ለግድግዳ ነው የምትሰጪው። አባባም ይለው ነበር።

ዛሬ የሰው ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ከየት እንደመጡ አላውቅም። በአንቺ ምክንያት ነው።

የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። ታሽጎም ከሆነ ጻፊልኝ። አልቆጣም። እሑድን እንዴት እንደምውል አላህ ያውቃል።

ወንድምሽ ፈዲሉ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈዲሉ

አሰላሙ ዓለይኩም። እማ ደህና ናት። ጉልበቷም ተሽሏታል። ጎረቤታችን ጉዴ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ከገበያው በላይ ያለው መንገድ ጠጠር ሊለብስ ነው አሉ። ኤጄታ ሰላም ብሎሃል፤ ዴኩም ደህና ነው። ሌላስ ምን ነበር?

እሺ፣ እሺ፤ ስትሰድበኝ ከዚህ ይሰማኛል። አልታሸግንም ፈዲሉ! አልታሸግንም!

ምክርህን ለምን እንዳልሰማሁ መጀመሪያ ላስረዳህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን እኔም እንዳልከው ዝም ልል ወስኜ ነበር። በማግስቱ ግን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ ተማሪው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ጋሽ ባይሳ አንገታቸውን ደፍተው በመካከሉ ሲያልፉ አየሁ። ሰውየው ምንም አላጠፉም። ፊልሙ ውስጥ ያለውም ሽማግሌ ምንም አላጠፋም። ሁለቱንም ከዳተኛ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያንተን ካሴት ባሳይ ፈቃዱ ይሰጠን ይሆናል፤ እሳቸው ግን ጡረታ እስኪወጡ ግድግዳ ለግድግዳ ሊኖሩ ነው። ያን ይዤ ደግሞ የማንን ታሪክ እተርካለሁ? ወደ ቴሌግራም ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት፣ ሐሳቤን እንዳልለውጥ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ኮሚቴው ከፊት ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጓድ ፈይሳ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ጋሽ ባይሳ ከጎናቸው ናቸው፤ ወደ እኔ አያዩም። ኦቦ ነጋሳ ዘመድ ጎረቤታቸውን ከሐሮ ወንጪ አስከትለው ሁለት አግዳሚ ይዘዋል። እማ እንኳ መጣች። ፊልም አይታ አታውቅም፤ «ደግሞ ሰው ሲደባደብ ልይ?» እያለች ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

መምህሩ በሩ ላይ ሲሞት ተረክኩ። ልጁ ከገደሉ ሲወድቅ ተረክኩ፤ አብሬ አልወደቅኩም፣ ደስ ይበልህ። ጀልባዋ ከመታየቷ በፊት ዴኩን አቁሜ መብራት አበራሁ።  ድምፄ ያን ቀን አልከዳኝም።

«ፊልሙ እዚህ ላይ አልቋል» አልኳቸው። «ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ፊልም ነው። ካሴቱ ላይ ተገጣጥመው ስለመጡ አንድ መስለውኝ አንድ አድርጌ የተረክኩላችሁ እኔ ነኝ። መምህሩ አልከዳም። በሩን ሲጠብቅ ሞቶ ቀርቷል። ከዳተኛ ያላችሁት በእኔ አፍ ነው፤ ስሙን መልሱለት። ጋሽ ባይሳ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።» ያንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት።

  ከሁሉ በፊት ኦቦ ነጋሳ ብድግ አሉ።

«ታዲያ ልጁ ከሐይቁ አልወጣም?»

«አልወጣም፣ ኦቦ።»

«ሞተ?»

«ሞተ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ያንቺው ይሻላል» ብለው ተቀመጡ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ፈይሳ ሳይቀሩ በደብተሩ ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። ያልሳቁት ጋሽ ባይሳ ብቻ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ። እኔም ሳላውቀው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ተማሪ ቆምኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «ስንት ቀን ተሳስቼ እንዳስተማርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አንድም ቀን ክፍል ገብቼ ‹ትናንት የነገርኳችሁ ስሕተት ነው› ብዬ አላውቅም። ይህች ልጅ ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየች አለችው። አቤቱታዬን አንሥቻለሁ።» ሊቀመጡ አሉና ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ሁለተኛውን ቀጥይ። ሽማግሌው ወንበዴ ሲሆን ማየት እፈልጋለሁ።»

አለቀስኩ ፈዲሉ። አላፍርበትም። እያለቀስኩ ነው ሁለተኛውን የተረክኩት፤ ደግሞ ከመቼውም አሳምሬ! ሲያልቅ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ኦቦ ነጋሳ ግንባሬን ስመው «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። እማ ወደ ቤት ስንሄድ «አባትሽ ይህን ቢያይ» ብላ እጄን ያዘች።

በማግስቱ ጋሽ ባይሳ ክፍል ገብተው፣ «ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳችሁ አንድ ዓመተ ምሕረት ስሕተት ነበር» ብለው ሰሌዳው ላይ እንዳረሙ ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ አወሩልኝ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍም የለም።

ፈቃዱ ረቡዕ ወጣ። አንድ ግዴታ አለበት፤ ከፊልሙ የተለየ ታሪክ ሲተረክ «ይህ የተራኪዋ የራሷ ነው» ተብሎ ከመጀመሩ በፊት ይነገር ይላል። በደስታ! ወረቀቱን ስታዘጋጅ ጸሐፊዋ «የተራኪ ስም» ከሚለው ላይ ያንተን ስም ልትተይብ ነበር፤ ማመልከቻው በስምህ ስለገባ። ጓድ ፈይሳ ከውስጥ ሰምተው «እሑድ ቆሞ የተረከው ማነው?» አሉ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አውጥታ ሌላ አስገባች። ስሜ ፊደል በፊደል ሲተየብ ቆሜ አየሁት። ማኅተሙም እዚያው ላይ አረፈ።

ትናንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት ሁለቱን ፊልሞች እንደ ሥራቸው ለየብቻ አሳየሁ። ከምሳ በኋላ ሰዉ «የሸምሲያን! የሸምሲያን!» ብሎ ስለጮኸ ግዴታዬን ተናግሬ የእኔን አሳየሁ። ጋሽ ባይሳ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ነበር። ከዳተኛው መምህር ብቅ ሲል ከሁሉ በላይ የጮኹበት እሳቸው ናቸው።

ለጥር እመጣለሁ ያልከውን እማ እየቆጠረች ነው። ና፤ ናፍቀኸናል። ልትረከበኝ ብለህ ከሆነ ግን አትቸገር። አምቦ ተራኪ አላት።

እህትህ
ሸምሲያ ዓብዱልመጂድ
ተራኪ